ከሌላ ንጉሥ ሐውልት በፊት ንቦቹ ይቅደሙ

ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዳችሁ አንበሳውን ሳታዩ የተመለሳችሁ ብዙ ናችሁ። ጣሪያው ላይ ያሉትን ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች አንጋጣችሁ አይታችኋል። አንገታችሁን እያሻሻችሁ ወጥታችኋል። አንበሳው ግን ያለው ውጭ ነው። አጥሩ ራሱ ነው። ዙሪያውን 12 ክብ ማማዎች አሉ፤ የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ይባላል። 13ኛው የምትገቡበት ትልቁ በር ሲሆን እሱ የይሁዳ አንበሳ ተደርጎ ነው የተሠራው። ጅራቱን ማየት የሚፈልግ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ወደ ምዕራብ ይሂድና በአጥሩ ላይ ካለው በር ከፍ አድርጎ ይመልከት። እዚያ አለ። ግቢው በሙሉ አንድ አንበሳ ነው ማለት ነው፤ ምእመኑ በጭንቅላቱ በኩል ገብቶ መሃሉ ላይ ይጸልያል።

ይህን ያሰበው ግንበኛ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር ብዬ አምናለሁ። ስሙን ግን ማን ያውቀዋል?

ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን ጎንደር መልኳን እየቀየረች ነው። የፋሲል ግቢ እድሳት ተደርጎለታል። የኮሪደር ልማቱ ደግሞ የእግረኛ መንገዱን፣ መብራቱን፣ አደባባዩን ሁሉ እየነካካ ነው። አደባባይ ሲሠራ አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ መሃሉ ላይ ምን ይቁም? መልሱ በየከተማችን ሳይጠየቅ የሚታወቅ ሆኗል። ንጉሥ። ንጉሥ ካልሆነ አንበሳ። አንበሳ ካልሆነ ጀበና። ጀበናውማ የማይቆምበት ከተማ ማግኘት ከባድ ነው፤ ጎንደር ቢያንስ እሱን ብትተወው ምስጋናዬ የላቀ ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው። ጎንደር አሁን የሚያስፈልጋት ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ሐውልት አይደለም። ትንሽ፣ ዝቅ ያለ፣ ትንሽም ገራሚ የሆነ፣ ሰው ፈልጎ የሚያገኘው፣ ልጅ እጁን አስደግፎ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ አባቱን የሚያስጨንቅበት ሐውልት ነው። ታሪኩ ሞልቷል። እጁም አለ። የጎደለው የሚያዝዘው ሰው ድፍረት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ነገሥታቱን መናቄ አይደለም። ፒያሳ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት መቆሙ ተገቢ ነው። ቋራ ተወልዶ፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ነግሦ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጡን ጠጥቶ የሞተ ሰው በጎንደር አደባባይ ካልቆመ የት ሊቆም ነው? ግን ልብ ብላችሁ እዩ። ሰው የንጉሥ ሐውልት ጋ ሲደርስ የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነገር ነው። መንገድ ማዶ ይቆማል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ሐውልቱ የሚነግረው አዲስ ነገር የለም። ቴዎድሮስ ጀግና እንደነበር ሳይመጣም ያውቀዋል። ስለዚህ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ንጉሥ ብንጨምር ጎብኚው መንገድ ማዶ የሚቆምበትን ቦታ አበዛንለት እንጂ ሌላ ምንም አልጨመርንም።

ለምንድን ነው ሐውልቶቻችን ሁሉ አንድ ዓይነት የሆኑት? ሁለት ምክንያት ይታየኛል።

አንደኛው የቆየ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል እንጂ ዙሪያውን የሚታይ የቆመ ምስል ቦታ የለውም። ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ቁመተ ሙሉ ቅዱሳን አሉ፤ ነገር ግን ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው የተፈለፈሉ ናቸው፣ ወርደው አልቆሙም። በሌላው የአገሪቱ ክፍል የተለየ ወግ አለ። ጢያ ላይ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉ፤ ኮንሶዎች ለጀግና ዋካ ያቆማሉ፣ ከእንጨት የተጠረበውን ሰውዬ ከሚስቶቹና ከገደለው አውሬ ጋር አሰልፈው። ጎንደርን የመሰለ የደብተራና የሠዓሊ አገር ግን ችሎታውን ያፈሰሰው በብራናና በግድግዳ ላይ ነው። አርባ አራት ታቦት ያላት ከተማ የቅርጻ ቅርጽ ከተማ ትሁን ማለት ድሮም አስቸጋሪ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ሐውልት ወደ አገራችን የመጣበት በር ነው። ዘመናዊው የአደባባይ ሐውልት የመጣው ከመንግሥት ጋር ነው። የምኒልክ የፈረስ ሐውልትና በባቡር ጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ አዲስ አበባ ላይ የቆሙት በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል ነው። ጣሊያን ሲገባ አንዱን አወረደው፣ ሌላውን ጭኖ ሮም ወሰደው። ደርግ ሌኒንን አቆመ፣ በ1983 ዓ.ም. ሌኒን ወረደ። ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት በ2012 ዓ.ም. ምን እንደደረሰበት ሁላችንም አይተናል። ሐውልት እኛ አገር የሥልጣን ድምፅ ነው። ስለዚህ የሚወስነው ኮሚቴ ይፈራል፤ ሲፈራ ማንም የማይከራከርበትን ይመርጣል፤ ማንም የማይከራከርበት ደግሞ ጀበና ነው።

ከዚህ ወግ ያፈነገጠ አንድ ሥራ አለን፣ እሱንም በጣም እወደዋለሁ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው ቴዎድሮስ አይደለም። ሴባስቶፖል ነው። መድፉ። ዋናው መቅደላ ላይ እንደተጋደመ ነው፤ የአደባባዩ ምስሉ ነው። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን ብረት ጋፋት ላይ አስቀልጦ፣ በተራራና በገደል በሰው ጉልበት እያስጎተተ ወደ መቅደላ ያወጣ ንጉሥ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ከፊቱ ይልቅ መድፉ ይናገራል። ቆሞ ያየ ሰው «እንዴት አድርገው ጎተቱት?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ሐውልት ማለት ለኔ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። ይህች ከተማ ገራሚ ቅርጻ ቅርጽ አታውቅም የሚለኝ ሰው ቁስቋም አልሄደም።

ቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራው ሥር። አብዛኛው ሰው የሚሄደው በመስታወት ሣጥን የተቀመጠውን የእቴጌዋን፣ የልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን አፅም ለማየት ነው። አስጎብኚውም ወደዚያ ያጣድፋችኋል። ቆይ በሉት። ጣሪያው ወደፈረሰው አዳራሽ ግድግዳ ጠጋ በሉ። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጌጡ ግን ቀይ ነው፤ ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ለቀረጻ ይመቻል። መስቀሎች አሉ። እንስሳት አሉ። ከመስቀሎቹ መካከል አንድ መነኩሴ አንበሳ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ ናቸው። በሥዕል ብዙ ቦታ አይተናቸዋል፤ እዚህ ግን ከግድግዳው ብቅ ብለው ወጥተዋል፣ ዝናብና ፀሐይ ጠርዛቸውን አለሳልሶታል፣ አንበሳውም እንደ ገራም በቅሎ ሆኗል። እኩለ ቀን ላይ ከሄዳችሁ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታው ምንም አታዩም። ጠዋት ወይ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲያዘነብል ሂዱ፤ ያኔ ጥላው ቅርጹን ያወጣዋል።

እንግዲህ ይህ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ፣ በንግሥት ትእዛዝ። ትንሽ፣ ዝቅ ያለ፣ ፈገግ የሚያሰኝ። ወጉ የኛው ነው ማለት ነው፤ ከውጭ የምንኮርጀው ነገር አይደለም።

ሌላ ልጨምር። ጥምቀት የሚከበርበት የፋሲል መዋኛ አጠገብ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች። በጥምቀት ግርግር ማንም ልብ አይላትም። የዞብል ናት ይባላል። ዞብል ፈረስ ነው። ታሪኩን ሁሉም በየራሱ ያወራዋል፤ የአፄ ፋሲል ፈረስ ነው የሚል አለ፣ የለም ከአባቱ ሞት በኋላ ልዑል ኢያሱን ከሱዳን በኩል በደህና ያደረሰው ነው የሚል አለ። የማን ይሁን የማን፣ ከተማዋ ለፈረስ መታሰቢያ ሠርታለች ብሎ የሚያምን ሕዝብ አላት። ጃፓኖች ጌታውን ጣቢያ ላይ ሲጠብቅ ለኖረው ለሐቺኮ ውሻ ቶኪዮ ላይ ሐውልት አቁመው፣ በጦርነቱ ጊዜ ቢቀልጥ እ.ኤ.አ. በ1948 እንደገና ሠርተውታል። ዛሬ ሰው የሚቃጠረው እሱ ጋ ነው። እኛ ዞብልን የሚያስተዋውቅ አንድ ፈረስ እንኳ በአካባቢው አላቆምንም።

ሦስተኛው ደግሞ ወለቃ ነው። በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ዋናው ቁም ነገር እዚህ ያለ ይመስለኛል።

ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች። ሰዎቹ አብዛኞቹ ሄደዋል፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የተጓጓዘበትን ዘመቻ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። የሸክላው ሙያ ግን አልሄደም። ዛሬም መንገድ ዳር የሚሸጡ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች አሉ። ጥቁር ናቸው። ኮከብ የተሸከመ አንበሳ አለ። መጽሐፍ የያዘ ካህን አለ። በጣም የታወቀው ግን ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባ አንድ አልጋ ላይ የተኙበት ነው፤ ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቦ፣ ሁለቱም ዓይናቸውን አፍጥጠው። ክብረ ነገሥትን መዳፍ የሚያክል ጭቃ አድርገው፣ ያውም በፈገግታ ነግረውታል። ማንም ቅር አላለውም። ቱሪስቱም ዲያስፖራውም በኪሱ ይዞት ይሄዳል።

እንግዲህ ይህን የሚሠሩ እጆች ያሉበት ከተማ ለአደባባዩ የሚሆን ሐሳብ ከየት ነው የሚያመጣው?

ግን ለምን እስከ ዛሬ ማንም ወደ ወለቃ ሄዶ አደባባይ ሥሩልን አላለም? መልሱ ደስ አይልም። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ እኛ ዘንድ ሲሰደብ የኖረ ሰው ነው። ቡዳ ተብሏል፣ ጅብ ይሆናል ተብሏል፣ መሬት ተከልክሏል። የሚገርመው ጎንደርን ሲገነቡ ከነበሩት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያን እንደነበሩ የታሪክ ሰዎች ጽፈውታል። ግንቡን ያቆመው ሰው ስሙ የለም፤ ግንቡ ውስጥ የተቀመጠው ስሙ በየሆቴሉ ላይ ተለጥፏል። ፋሲል፣ ምንትዋብ፣ ኢያሱ... ለግንበኛ፣ ለሸክላ ሠሪ፣ ኖራ ለተሸከመች አህያ አንድ መታሰቢያ ማቆም ታሪክን ማዛባት አይሆንም። የጎደለውን መሙላት ነው።

እስቲ ወደ ውጭ ወጣ ብለን እንይ፣ ለመኮረጅ ሳይሆን እንዴት እንደሠራላቸው ለማየት።

አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ኢንተርፕራይዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አካባቢው የጥጥ አገር ነበር። ከሜክሲኮ በኩል የገባ የጥጥ ነቀዝ ማሳውን አወደመው። ገበሬው ሌላ ምርጫ ሲያጣ ኦቾሎኒ ዘራ፣ ኦቾሎኒው ከጥጡ በላይ አዋጣው። እ.ኤ.አ. በ1919 የከተማዋ ሰዎች መሃል መንገድ ላይ ሐውልት አቆሙ፤ ለነቀዙ። አዎ ለነቀዙ። መጀመሪያ ክንዷን ወደ ላይ የዘረጋች ሴት ብቻ ነበረች፤ ከ30 ዓመት በኋላ ነቀዙ ራሱ ተሠርቶ ከላይ ተቀመጠ። ተሰርቋል፣ ተሰብሯል፣ እንደገና ተሠርቷል። ዋናው አሁን ሙዚየም ገብቶ ምስሉ ውጭ ቆሟል። ለተባይ ሐውልት ያቆመች ከተማ ለማየት መንገዱን የሚያጥፍ ሰው አይጠፋም፤ የጀኔራል ሐውልት ብቻ ቢኖራት ግን ማን ይቆምላታል?

እኛ ደግሞ ንቦች አሉን!

በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ፣ የሱዳን መሐዲስቶች ጦር፣ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። እንዴት ተረፈች ስትሉ ጎንደሬው የሚነግራችሁ አንድ ነው። ንብ ወጣ። ከግቢው የወጣው የንብ መንጋ ወራሪውን አላስጠጋ አለው፤ ቅዱስ ሚካኤልም ሰይፉን መዝዞ በሩ ላይ ቆመ። ይህን ታሪክ ያልሰማ የጎንደር ልጅ የለም። ንቡ ግን የትም የለም። የትኛውም አደባባይ ላይ አንድ የነሐስ ንብ አላየሁም። አስቡት፤ ከፒያሳ ወደ ሥላሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አጥር ላይ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ፣ ደረጃ ጠርዝ ላይ አንድ አንድ ንብ። መጀመሪያ አንድ ብቻ ታያላችሁ። ትንሽ ሄዳችሁ ሁለት። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በቀረባችሁ ቁጥር ይበዛሉ። ልጆች እየቆጠሩ ይሄዳሉ። አስጎብኚ የሌለው ጎብኚም መንገዱን አይስትም። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ታሪኩን የሚጠይቀው ራሱ ነው።

ይህ ሕልም አይደለም፣ የተሞከረ ነገር ነው። የፖላንዷ ቭሮትስዋፍ ከተማ በተረት ውስጥ እንዳሉት ድንክዬዎች ያሉ፣ ከስንዝር ብዙም የማያልፉ የነሐስ ሰዎችን በየመንገዱ በትናለች። መነሻው ቀልድ ነው፤ ግን ከባድ ቀልድ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ፖሊስ የተቃውሞ ጽሑፎችን በቀለም ሲያጠፋ ወጣቶች በቀለሙ ላይ ድንክዬ ይሥሉበት ነበር። ድንክዬ የሣለን ሰው ማሰር ደግሞ መሳቂያ ያደርጋል። ለዚያ መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ ቆመ፤ በ2005 አምስት ተጨመሩ። ዛሬ በብዙ መቶ ይቆጠራሉ። ጎብኚው ካርታ ይዞ ይፈልጋቸዋል። ነጋዴዎች ራሳቸው ከፍለው በሱቃቸው ፊት ያቆማሉ። ልብ በሉ፣ ነገሩን ያተረፈው አንዱ ድንክዬ ቆንጆ መሆኑ አይደለም። የተበተኑ መሆናቸው ነው። አንድ ትልቅ ሐውልት ጎብኚውን አንድ ቦታ አቁሞ ይመልሰዋል። የተበተነ ትንሽ ነገር ግን በእግር ያስኬደዋል፤ በእግር የሚሄድ ሰው ደግሞ ይደክመዋል፣ ቁጭ ይላል፣ ቡና ያዛል፣ ሽሮ ያዛል፣ ጫማ ያስጠርጋል፣ ከባለ ሱቁ ጋር ያወራል።

ለጎንደር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተለመደውን የጎንደር ጉብኝት ታውቁታላችሁ። ጠዋት ፋሲል ግቢ፣ ከዚያ ሥላሴ፣ ከሰዓት መዋኛው፣ ማታ ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት፣ በነጋታው ወደ ሰሜን ተራሮች ወይ ወደ አየር ማረፊያ። በመኪና ከበር ወደ በር። ከተማዋ ራሷ የምታገኘው ትንሽ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ በገባበት ግጭት ደግሞ የውጭ እንግዳው ተመናምኗል። አሁን ከተማዋን የሚጎበኘው የራሷ ሰው ነው፤ ተማሪው፣ ሙሽራው፣ ለጥምቀት የሚመጣው፣ ዘመድ ጥየቃ የመጣው። ይህ ሰው የግንቡን ታሪክ በትምህርት ቤት ሰምቶ ጠግቦታል። እንደ አዲስ የሚያስደንቀው ነገር ይፈልጋል።

ለምሳሌ የምንትዋብን ባል አፄ በካፋን ውሰዱ። በካፋ ተራ ሰው መስሎ አገሩን ይዞር ነበር ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የጻፈውን ታሪክ የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ ንጉሡ ራሱን ደብቆ ቋራ ሲደርስ ንዳድ ያዘውና አንድ ገበሬ ቤት ወደቀ። ያስታመመችው የቤቱ ልጅ ነበረች። ድኖ ከተመለሰ በኋላ አስጠራት። ምንትዋብ እሷ ናት። ብሩስ ይህን ሲሰማ እቴጌዋ በሕይወት ነበሩ፣ እሱም ቁስቋም ግቢያቸው ውስጥ ፈንጣጣ የያዛቸውን ሲያክም ቆይቷል፤ ስለዚህ ወሬውን ያመጣው ከሩቅ አይደለም።

እንግዲህ ለበካፋ ሐውልት አቁሙ ብትባሉ ዘውድ ደፍቶ ፈረስ ላይ ታስቀምጡታላችሁ? እኔ ብሆን ፒያሳ አንድ አግዳሚ ላይ ነው የማስቀምጠው። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ። ዘውድ የለ፣ ጦር የለ። አጠገቡ ባዶ ቦታ ይተው። ሰው ደክሞት ይቀመጣል፣ ያየዋል፣ ተራ ሽማግሌ ይመስለዋል። ከጋቢው ሥር ግን የንጉሥ ቀለበት ትንሽ ብልጭ ትላለች። ያገኘ ያገኛል፣ ያላገኘ ሠርቪስ ይጠብቅበታል። የተደበቀን ንጉሥ ከፍ ባለ መደብ ላይ ማቆም ታሪኩን ራሱን መግደል ነው።

ሁሉም ታሪክ ለዚህ ይሆናል እያልኩ አይደለም። ጃንተከል ዋርካ ሥር ሰው ይሰቀልበት ነበር፤ እዚያ ላይ ጨዋታ አያስፈልግም፣ ዛፉ ይበቃል። የ1880ውን ቃጠሎም በቀልድ አትነካውም። ንቦቹም ቢሆኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው ማለቅ ያለባቸው፤ የውስጡ የካህናቱ ነው፣ የሚመለከተው ደብር ሳይጠየቅም አንድም ንብ መሰካት የለበትም።

ሐሳቡን ለሰው ሳነሳ የሚገጥመኝ ተቃውሞ ሁሌም አንድ ነው። «ታሪካችንን መቀለጃ ልታደርጉት ነው?» ይሉኛል። ቅሬታው ይገባኛል። ብዙ ነገራችን ተንቋል፣ ብዙ ነገራችን ተዘርፏል፤ ከመቅደላ የሄደው ቅርስ ገና ተለምኖ ነው የሚመለሰው፣ የቴዎድሮስ ፀጉር እንኳ ከለንደን የመጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ስለ ታሪኩ ኮስታራ ቢሆን አይፈረድበትም። ግን ጎንደሬ ራሱ ኮስታራ ነው እንዴ? ቅኔው በሰምና ወርቅ ሲቆነጥጥ የኖረ፣ አዝማሪው ጌታውን ፊት ለፊት በማሲንቆ የሚሸነቁጥ አገር ነው። ከንግሥቲቱ አዳራሽ ላይ መነኩሴን በአንበሳ ያስጋለበ ግንበኛ አክብሮት ጎድሎት አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ በዚህኛው ላይ ትልልቆቹን ሐውልቶች የሚያዝዙት ናቸው መልስ መስጠት ያለባቸው። ብዙዎቹ የከተማ ሐውልቶቻችን ነሐስ የሚመስሉ ሲሚንቶ ወይ ፋይበር ግላስ ናቸው። ሲሚንቶው ውስጥ ፌሮ አለ። ክረምት በስንጥቅ ውሃ ይገባል፣ ፌሮው ይዝጋል፣ ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ሲሚንቶውን ገፍቶ ያረግፈዋል። ከዚያ በየዓመቱ የወርቅ ቀለም መቀባት ነው። በአንድ ትልቅ ሐውልት ወጪ ብዙ ትንንሽ፣ እውነተኛ ነሐስ ወይ ጥርብ ድንጋይ ማሠራት ይቻላል። ድንጋዩ እዚሁ አለ። ሲሚንቶ ከጎንደር ጋር እንደማይስማማም ከዚህ በፊት ታይቷል፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ግንቦቹ ሲጠገኑ የገባው ሲሚንቶ በኋላ ተነስቶ በቀድሞው ዓይነት ማቴሪያል መተካት ነበረበት።

ቦታ አመራረጡም ቀልድ አይደለም። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ በአጠገቡ አዲስ ነገር ከመቆሙ በፊት ዩኔስኮ ሊነገረው ይገባል። ስለዚህ ከግቢው ጥግ ይልቅ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ይሻላል። መንገድ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብራቲስላቫ ውስጥ ከፍሳሽ ጉድጓድ አንገቱን ብቅ ያደረገ የነሐስ ሠራተኛ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የተሠራው። ሹፌሮች ሳያዩት እየገጩት አጠገቡ የማስጠንቀቂያ ምልክት ተተክሎለታል። ያ ስሎቫኪያ ነው። እኛ ጋ ባጃጅ አለ፣ ስለዚህ መሬት ለመሬት የሚቀመጥ ነገር አስፋልት ጠርዝ ላይ አይታሰብም።

ማን ይሥራው ለሚለው መልሱ ከባድ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው፣ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቀራፂ ያወጣል። ቀራፂው ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ጋር ይቀመጥ። እነሱ በጭቃ ይሥሩት፣ እሱ ወደ ነሐስ ይቀይረው፤ ነሐስ ሲፈስ ቀድሞውንም ሞዴሉ ከጭቃ ነው የሚነሳው። የሠሪዋም ስም ከሥሩ ይጻፍ፣ ያስመረቀው ባለሥልጣን ስም ብቻ አይሁን።

ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ድረስ ያለውን ማየት ይቻላል። ጠዋት በጊዜ ሥላሴ ሂዱና ጅራቱን ፈልጉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያዘነብል ቁስቋም፣ ለአፅሙ ብቻ ሳይሆን ለአንበሳ ጋላቢው መነኩሴ። መዋኛው ጋ የዞብልን ቤት ጠባቂውን ጠይቁት፣ ያሳያችኋል፤ የማን ፈረስ እንደነበረም የራሱን ታሪክ ያወራላችኋል። በነጋታው ወለቃ ውጡ። ሰሎሞንና ሳባን ስትገዙ አትከራከሩ፣ በጋዜጣ ሁለት ዙር ጠቅልሉልኝ በሉ፤ የሳባ አፍንጫ ቶሎ ይሰበራል።